እሜቴ መርፌና በረዶ የሆነው ክትባት

ሐኪማችንን ፊት ለፊት ሁሉም «ዶክተር» ይላቸዋል። ዞር ካሉ ደግሞ «እሜቴ መርፌ» ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው አንድ ባለ በሬ ነው። በሬውን አንቆ ይዞ ሲታገል መርፌው የራሱን ጭን ወጋው፤ ከዚያ ወዲያ በየደረሰበት አወራው። ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «ስቼ አይደለም፤ ከበሬው ይልቅ የሚፈራገጠው እሱ ነበር» አሉኝ። ፈገግ እንኳ አላሉም። ቀልዳቸውን እንደ መድኃኒት ነበር የሚሰጡት፤ በመጠኑ፣ ፊታቸውን ሳያላሉ።

እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ አልበቃ ሲል ቤት ተቀመጥኩ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፤ ልጄ አራት ወር ሲሆናት እዚህ ተቀጠርኩ። የእንስሳት ሕክምናው የሰፈሩ የማኅበር ነው። ከብትና ፈረስ ያለው፣ ውሻ ያለው፣ ዶሮ ያለው ሁሉ አባል ነው። አባላቱ አምስት ሰው ኮሚቴ ይመርጣሉ፤ ኮሚቴው ሐኪም ይቀጥራል፣ ሐኪም ያሰናብታል። ሕንፃው ሦስት ክፍል ነው፦ የእኔ ካርድ ክፍል፣ ትንንሽ እንስሳት የሚታዩበት ክፍል፣ ፍሪጅና መድኃኒት ያለበት ክፍል። ከብቶቹ የሚታከሙት ግቢው ውስጥ፣ ከብረት ቱቦ በተሠራው ማቆሚያ ነው። ቱቦው አንድ ጎኑ በቀንድ ተገጭቶ ተጣሟል፤ የማኅበሩ ሰብሳቢ ለዓመታት «ይቃናል» እያሉ ሳይቃና ኖረ።

ልጄን ይዤ የመጣሁ ቀን ይመልሱኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ዶክተር ግን ጣታቸውን ታጥበው አፏን ከፈት አድርገው፣ እንደ ጥጃ ድዷን አዩና «ሁለት ወር ቆይታ ጥርስ ታወጣለች» አሉ። ልክ ሁለት ወር ቆይታ አወጣች። ከዚያ በኋላ ልጄ በካርድ ክፍሉ ጠረጴዛ ሥር፣ መድኃኒት በመጣበት ካርቶን ውስጥ አደገች ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የተናገረችው ቃልም «ሙ» ነው፤ አባቷ እስከ ዛሬ ቅር ይለዋል።

ዶክተር ለእንስሳት በአክብሮት፣ ለሰው በቁጣ ነበር የሚናገሩት። ወይፈኑን «እስቲ ይቁሙልኝ ጌታዬ፣ አሁን እጨርሳለሁ» ይሉታል፤ ባለቤቱን ደግሞ «አንተ ምን ያፈዝሃል፣ ገመዱን ሳብ እንጂ»። ሰው በዚህ ይስቅ ነበር፤ ይቀየምም ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠሩ። ባላቸው በጊዜው «ወይ እኔ ወይ ይሄ የከብት ሽታ» ብሏቸው ነበር ይባላል። ስለሱ የጠየቀ ሰው ካለ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሽታው ቀረ።»

አሁን ወደዚያ ወደማልረሳው ሳምንት ልመለስ። ከድልድዩ ማዶ አንድ ያበደ ውሻ ሦስት ሰው ነከሰ፤ አንደኛው ሕፃን ነበር፤ መርፌውን በጊዜ አላገኘም። ሰፈሩ ተሸበረ። ዶክተር ኮሚቴውን አስጨንቀው፣ ወረዳው ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ ለሰፈሩ ውሻ ሁሉ የሚበቃ ክትባት አስመጡ። ሠላሳ ስድስት ትንንሽ ጠርሙስ፣ እያንዳንዱ ለአሥር ውሻ። ረቡዕ ደረሰ፤ ዘመቻው ቅዳሜና እሑድ ነበር። ፍሪጁን መቆጣጠር የእኔ ሥራ ነው። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ጧትና ማታ ቴርሞሜትሩን አይቼ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ሁልጊዜ አራት ነው። ከሁለት እስከ ስምንት መሆን አለበት፤ ዶክተር መጀመሪያ ቀን ያስተማሩኝ «ከሞቀ ሞተ» ብለው ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ነገ ቀኑን ሙሉ መብራት አይኖርም ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። ዶክተር የታመመች ላም ሊያዩ ወጥተው ነበር። እኔም ቤቴ የማደርገውን አደረግኩ። መብራት ሊጠፋ ነው ሲባል የልጄ ወተት እንዳይበላሽብኝ የፍሪጁን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞረዋለሁ፤ ቅዝቃዜውን ያጠራቅማል፣ ቀኑን ያውለኛል። የክትባቱንም ፍሪጅ ማዞሪያ እስከ ሰባት ቁጥር አዞርኩት። ጠርሙሶቹንም ወደ ኋላ፣ በጣም ወደሚቀዘቅዘው ግድግዳ ገፋ ገፋ አድርጌ ደረደርኳቸው። አንዲት ጠርሙስ ብቻ ቦታ አጥታ በሩ ኪስ ውስጥ ቀረች። ጎበዝ ነሽ አልኩ ለራሴ።

ዓርብ መብራቱ አልጠፋም። ጧት ስገባ ማዞሪያውን ወደ ቦታው መለስኩ። ጠርሙሶቹ ላይ ነጭ ውርጭ ይዟል፤ በጨርቅ ጠረግኳቸው፤ እንዴት ጥሩ ቀዝቅዘዋል ብዬ ደስ አለኝ። ልጄ አልቅሳ ጠራችኝ። ቴርሞሜትሩን ሳላይ «4» ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

ቅዳሜና እሑድ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ውሻ ከተብን። እኔ ካርድ እጽፋለሁ፣ ለተከተበው ቀይ ክር አንገቱ ላይ አስራለሁ። ሰው በሰልፍ፣ ውሻ በገመድ፣ አንዳንዱ በከረጢት፣ አንዷ ሴትዮ በልጅ ማዘያ። ዶክተር ሁለት ቀን ሙሉ አልተቀመጡም። እሑድ ከሰዓት የመጨረሻውን ውሻ ከተቡና ማቆሚያው ቱቦ ላይ ተደግፈው፣ «አሁን ያ ያበደው ይምጣ» አሉ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

ሰኞ ጧት ጠሩኝ። የተረፉት ጠርሙሶች መልካቸው አንድ አልሆን ብሏቸው ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አቁመዋል። አንዷ በሩ ኪስ ውስጥ የነበረችው ናት።

«ነይ፣ የልጅ እናት። ቁጭ በይ።»

ሁለቱን ባንድ እጃቸው ይዘው ናጧቸውና መልሰው አስቀመጡ። ሰዓታቸውን ፈተው አጠገባቸው አኖሩ። ጠርሙሶቹን እያየን ጠበቅን። የበሩ ኪስ ጠርሙስ እንደ ስስ ወተት ደፍርሳ ቆየች። ሌላዋ ውስጥ ግን እንደ ተበላሸ ወተት ፍርፍር ነገር ታየ፤ ፍርፍሩ ቁልቁል ወረደ፤ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ ቀረ። ሩብ ሰዓት አልሞላም።

«ይቺ በረዶ ሆና ነበር» አሉ። «በረዶ ሆኖ የሟሟ ክትባት ውሃ ነው። ማን ነካው?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ መብራት ጠፍቶ ይሆናል አልኳቸው። መብራት ቢጠፋ ይሞቃል እንጂ በረዶ አይሆንም አሉ፤ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማዞሪያውን፣ ግድግዳውን፣ ውርጩን፣ ጨርቁን። ስጨርስ ሰዓታቸውን አንሥተው መልሰው አሠሩ። ልጄ ከወዲያ ክፍል ካርቶኑን ትደበድባለች።

«ሙቀት ይገድለዋል ብዬ አስተማርኩሽ፤ ብርድም ይገድለዋል አላልኩሽም። ግማሹ የኔ ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ፍሪጁ በር ሄደው ጣታቸውን ዓርብ ላይ አሳረፉ። «ይቺ አራት ግን ያንቺ ናት።»

ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም ብዙ ተሰድቤያለሁ። እንደዚያች አራት ያመመኝ የለም።

የትኛው ውሻ ከየትኛው ጠርሙስ እንደተወጋ አልጻፍንም። ስለዚህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም እንደገና መከተብ አለባቸው ማለት ነው። ዶክተር ያንኑ ቀን ወረዳ ሄደው፣ ተለማምጠውም ተቆጥተውም አዲስ ክትባት ይዘው ተመለሱ። ማክሰኞ ወደ ሰብሳቢው ቢሮ ገቡ፤ እኔ ወረቀት ይዤ ተከተልኳቸው። ሰብሳቢው አሥር ጋሪ ያላቸው፣ ሰውም ፈረስም በአንድ ድምፅ የሚጠሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ በሩን ዝጉት አሉ። ክሩ ታስሯል፣ ሰዉ ተረጋግቷል፣ ለሚመጣው ዓመት እንደግመዋለን፤ ማን ያውቃል፣ እኛ ሦስታችን ነን አሉ። ዶክተር ውሾቹ እንደማያውቁ፣ ያበደውም ውሻ የሚመጣው ዓመት ድረስ እንደማይጠብቅ ነገሯቸው። ሰብሳቢው ማነው ያበላሸው ብለው ጠየቁ። እኔ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ።

«ፍሪጁ በኔ ኃላፊነት ነው» አሉ ዶክተር። ሌላ አልጨመሩም።

ስንወጣ እውነቱን እነግራለሁ አልኳቸው። ቆም ብለው አዩኝ። የልጄ አባት በዚያ ወር ሥራ ፈትቶ ቤት መቀመጡን ያውቃሉ። «አንቺን ባንድ ቀን ያባርሩሻል። እኔን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያውቁኛል፤ ይችሉኛል። ዝም በይና ካርዶቹን በየመንደሩ ለይልኝ» አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ለመታዘዝ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ እንጂ ፈርቼ ነው።

ረቡዕ ዶክተር ሰብሳቢውን ሳይጠብቁ ድምፅ ማጉያ አስዞሩ፦ በፍሪጅ ችግር ምክንያት የተከተቡ ውሾች ሁሉ እንደገና ይቅረቡ። ቅዳሜ ጧት ግቢውን ጠርገን፣ ገመዱን ዘርግተን ጠበቅን። የመጡት አርባ አንድ ናቸው። ከሰዓት ማንም አልመጣም።

ወሬው እጅና እግር አውጥቶ ነበር። ያ መርፌ መርዝ ነው፣ አሁን የሚሰጡት ማርከሻው ነው ተባለ። የለም፣ ዶክተሯ ክትባቱን ሸጠው ውሃ ወግተዋል ተባለ። አንዱ ውሻዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አይጮህም አለ፤ ሌላው የኔማ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ሲጮህ ያድራል አለ። ሁለቱም በእሜቴ መርፌ አሳበቡ። እኛ ቤት ለቤት ሄድን። ዶክተር የቀዝቃዛ ዕቃውን ሳጥን ትከሻቸው ላይ አንግተው፣ እኔ ልጄን አዝዬ፣ በር እናንኳኳለን። ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ ከላይ እስከ ታች ያየናል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ፍሪጁ ምን ሆኖ ነው? ዶክተርም ሁልጊዜ፣ «ችግር ገጥሞት ነው፤ በኔ ኃላፊነት ነው» ይላሉ። መዋሸት ስለማይችሉ ያጥሩታል። ያጠሩትን ያህል ሰው ይጠራጠራል። በሦስት ቀን ሃያ ስድስት ውሻ አገኘን።

በሁለተኛው ሳምንት ጠቅላላ ስብሰባ ተጠራ። ሕዝቡ ግቢው ውስጥ፣ ገሚሱ አግዳሚ ላይ፣ ገሚሱ የብረት ማቆሚያው ላይ ተቀመጠ። ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሰብሳቢው በር ዘግተው የነገሩንን ሁሉ ረስተው፣ የሕዝብ እምነት ስለመጓደሉ ተናገሩ። አንድ ነጭ ጺም ያላቸው ባለ ፈረስ ተነሥተው፣ እሳቸው ዶክተሯን እንደሚያከብሩ፣ ፈረሳቸውንም ከሞት እንዳዳኑላቸው፣ ግን አንድ ነገር ብቻ እንዲነገራቸው ጠየቁ።

«እናቴ፣ ፍሪጁን ማን ምን አደረገው? ይቺን ብቻ ንገሩንና ሁላችንም ውሻችንን ይዘን እንመጣለን።»

ዶክተር ወደ እኔ አላዩም። ሆን ብለው ነው ያላዩት፤ ቢያዩኝ ሰው ዓይናቸውን ይከተል ነበር። ብዕሩ እጄ ላይ ነው። ልጄ ጉልበቴ ላይ ተኝታለች። መነሣት እችል ነበር።

«በኔ ኃላፊነት ያለ ዕቃ ነው» አሉ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀመጡ። ከዚያ እጅ ወጣ። ዶክተር በወሩ መጨረሻ እንዲሰናበቱ ተወሰነ። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ፤ እንዲህ ጻፊ ተባልኩና ጻፍኩ። ጽሑፌ ያምራል፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምመሰገንበት ነው።

ዶክተር በቀሩት ቀናት አንድም ቀን ሳያረፍዱ መጡ። የመጨረሻዋን ቀን አንዲት ላም አዋለዱ፤ ጥጃው በእግሩ ነበር የመጣው፣ ክንዳቸው እስከ ትከሻ ገብቶ አንድ ሰዓት ታገሉ። «ይቅርታ እመቤቴ፣ ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ» ይሏታል ላሟን። ባለቤቱ ስብሰባው ላይ እጁን ያወጣ ሰው ነው። አመሰግናለሁ ሲል፣ «አንተ ጥጃውን አድርቅ፣ ብርድ ይገለዋል» አሉት። ታጥበው ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፤ ልጄን ግንባሯን ነክተው ወጡ።

አዲሱ ሐኪም ወጣት ነው፤ ክፉ አይደለም። ካመጡልኝ እወጋለሁ፣ ካላመጡ ግን ሰው በር ላይ ቆሜ አልለምንም አለ። ኮሚቴውም ዘመቻው ተጠናቋል ብሎ ለወረዳው ሪፖርት አድርጓል፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። አዲሱ ክትባት ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ጧት ማታ ቴርሞሜትሩን እያየሁ፣ አሁንስ በእርግጥ እያየሁ፣ አራት፣ አምስት፣ አራት እያልኩ ስጽፍ ሁለት ሳምንት አለፈ።

አንድ ጧት ከጎረቤቴ ከእንቁላል ነጋዴዋ ጋር ተያየን። ውሻዋ አንገት ላይ ያሰርኩት ቀይ ክር ቆሽሾ ጠቁሯል። ልጆቿ ከውሻው ጋር መሬት ላይ ይንከባለላሉ። ትንሹ እጁን ውሻው አፍ ውስጥ ከትቶ ይስቃል። እንዴት እንደጀመርኩት አላውቅም፤ ፍሪጁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኳት። መብራት ይጠፋል ሲባል ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞርኩት፣ በረዶ ሆነ፣ ለካ በረዶ ከሆነ ይሞታል።

ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች።

«ይሄው ነው? አንቺ ሴትዮ፣ እኔስ መብራት ይጠፋል ብዬ አዙሬ መቶ እንቁላል አልተሰነጠቀብኝም?» አለች። «መርዝ ነው ስንል ከረምን እኮ። ይሄንን ለምን ያኔ አልነገርሽንም?»

ያንኑ ቀን ውሻዋን ይዛ መጣች፤ ሁለት ጎረቤቶቿንም አስከትላ። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት ሄጄ ያንኑ ነገር ተናገርኩ። ፍሪጅ ያለው ሁሉ ገባው። አንዷ ጎመኗ፣ አንዷ የሕፃኗ ወተት፣ አንዱ የመጠጥ ጠርሙሱ በረዶ ሆኖ ፈንድቶበት ያውቃል። የሚሳደብም ነበር፤ የካርድ ጸሐፊ ተብላ አገር ልታስጨርስ ነበር ያለኝ አለ። እየሰደበኝም ቢሆን ውሻውን ያመጣል። አዲሱ ሐኪም በቀን ሠላሳ፣ አርባ እየወጋ እጁ ዛለ። ነጭ ጺም ያላቸው ባለ ፈረስ ሁለት ውሻ ይዘው መጥተው ከሰሙ በኋላ፣ ምንም አላሉኝም። ካርዳቸውን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝና ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰብሳቢው ዘንድ ገባሁ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነግሬ፣ እኔን አሰናብተው ዶክተርን እንዲመልሱ ለመንኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ መዝገቡን ከመሳቢያ አውጥተው ገልጠው አሳዩኝ። ጉባኤ የወሰነውን እንዲህ በቀላሉ መሻር አይቻልም፣ ሰውም አዲሱን ሐኪም ለምዶታል፣ ይሄኛው ደግሞ አይቆጣም አሉ። «ደግሞ በሙሉ ድምፅ ነው» አሉ ጽሑፌን በጣታቸው እየጠቆሙ። እኔንም አላባረሩኝም። ሪፖርቱ እንዳይነቃነቅ ፈልገው ነው።

ዶክተር አሁን ሌላ ከተማ የዶሮ መኖ የሚያከፋፍል ሱቅ ውስጥ ናቸው። ሰኞ ደወልኩላቸው። ሁሉንም እንዳወጣሁ፣ ሰዉም እንደሚመጣ ነገርኳቸው። ያኔ ስብሰባው ላይ ብናገር ኖሮ እዚሁ ነበሩ አልኳቸው እያለቀስኩ።

«አዎ» አሉ። «ብትናገሪ ኖሮ እዚያ ነበርኩ። ዝም በይ ያልኩሽም እኔ ነኝ። ሁለታችንም ተሳስተናል፤ ይሄንን አታልቅሽብኝ። ስንት ቀሩ?»

«ሰባ አንድ።»

«ድልድዩ አጠገብ ያሉት ስንት ናቸው?»

ካርዶቹን ስገለባብጥ ጠበቁኝ። አሥራ አንድ አልኳቸው። ከእነሱ ጀምሪ፣ ልጅ ያለበትን ቤት አስቀድሚ አሉኝ። ከዚያ አንድ ሰው የጫጩት መኖ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ተሰማኝ። አለ፣ ስንት ኪሎ ልመዝንልህ አሉት። እንደ ማንኛውም ባለ ሱቅ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። ባለ ጉዳይ ላይ ሳይቆጡ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስልኩ ተዘጋ።

አሥራ አንዱን ካርድ ለይቼ ልጄን አዘልኩና ወጣሁ። እስከ ዛሬ ዘጠኙ ተከትበዋል።